ሥር ላይ ቀድሞ የሰፈረ

ችግኝ ማፍላት ስጀምር ዓይኔ ቅጠል ላይ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ የማየው ሥሩን ነው። ባለፉት ሦስት ዙሮች ጠቃሚ ፈንገስና ባክቴሪያ አፈር ውስጥ እየጨመርኩ ስሞክር ቆይቻለሁ። የተሳካልኝንም ያልተሳካልኝንም ከማስታወሻዬ ላካፍላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በቲማቲም ነው። ችግኞቹ ጠዋት ደህና ናቸው፤ ቀትር ላይ ጥውልግ ይላሉ። ውሃ የጠማቸው መስሎኝ ደግሜ አጠጣሁ። ባሰባቸው። በሦስተኛው ቀን አንዱን ነቀልኩት። ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኗል። አንዷን ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ስስባት የላይኛው ሽፋኗ እንደ ካልሲ ወልቆ ጣቴ ላይ ቀረ። ውስጥ የተረፈው እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ነገር ብቻ ነበር።

እንዲህ ዓይነቱን የሥር መበስበስ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ፒቲየም የሚባል ተሕዋስ ነው። ፈንገስ ቢመስልም እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፤ የሚዛመደው ከቡናማ የባሕር አልጌ ጋር ነው። እንደ ዘር የሚራባባቸው ስፖሮቹ ጅራት አላቸው፤ በውሃ ውስጥ እየዋኙ ሥር ፈልገው ይደርሳሉ። ስለዚህ እኔ ውሃ በጨመርኩ ቁጥር መንገዱን እየከፈትኩላቸው ነበር። እባካችሁ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ችግኙ ከጠወለገ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት አንዱን ነቅላችሁ ሥሩን እዩ።

ያኔ ትሪኮደርማ የሚባለውን ፈንገስ በዱቄት መልክ ገዝቼ በውሃ በጠበጥኩና የታመሙት ላይ አፈሰስኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞቱ። ዱቄቱ የማይረባ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ትሪኮደርማ እንዴት እንደሚሠራ ሳነብ ጥፋቱ የአጠቃቀሜ እንደሆነ ገባኝ። ትሪኮደርማ ሥር አካባቢ ያለውን ቦታና ምግብ ቀድሞ ይይዛል። በሽታ አምጪው ሲመጣ እንደ ክር የቀጠነ አካሉ ላይ ይጠመጠምበታል፤ ኢንዛይም እያመነጨ የሕዋሱን ግድግዳ ያሟሟና ይበላዋል። የተክሉንም የራሱን መከላከያ ያነቃቃል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። የበሰበሰ ሥር ግን መልሶ አይጠገንም። ለታመመ ችግኝ እንደ መድኃኒት የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ በሽታው ሳይመጣ ቀድሞ መስፈር አለበት።

በሁለተኛው ዙር ዘር ከመዝራቴ ከአንድ ሳምንት በፊት ትሪኮደርማውን ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩ። 12 ዕቃ ላይ ጨመርኩ፤ 12ቱን እንዲሁ ተውኳቸው። ውሃ የማጠጣው የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል ብቻ ሆነ። የዕቃዎቹንም የታች ቀዳዳ አሰፋሁ። ትሪኮደርማ ሙቀት ይወዳል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በደንብ ያድጋል፤ በቀዝቃዛ አፈር ግን ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ዕቃዎቹን ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጥኳቸው። ፀረ-ፈንገስ ኬሚካል ጨርሶ አላስጠጋሁም፤ ጎጂውን የሚገድል ነገር ጠቃሚውንም ሊገድል ይችላል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ደግሞ ክሎሪኑ ጠቃሚውንም ሊጎዳ ይችላል፤ ክፍት ዕቃ ውስጥ ማሳደር ክሎሪኑን ያስተነዋል። ውሃው የታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ በተዋሃዱበት) ከሆነ ግን ማሳደር ብቻውን አይበቃም።

ትሪኮደርማ ካገኙት 12 ችግኞች 11ዱ ለተከላ ደረሱ። ካላገኙት ደግሞ 9ኙ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ቁጥሩን ደግሜ ሳየው ልቤ ሌላ ነገር አለኝ። ባለፈው ዙር እኮ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞተው ነበር! ምንም ሳይጨመርላቸው 9 ከዳኑ ትልቁን ለውጥ ያመጣው የውሃ አጠጣጤ ነው። 11 እና 9 ደግሞ በእንዲህ ያለ ትንሽ ሙከራ በአጋጣሚም ሊሆን የሚችል ልዩነት ነው። ሥራቸውን ሳነጻጽር ትሪኮደርማ ያገኙት ሥሮች ነጣ ያሉ ነበሩ፤ ጎን ለጎን የሚወጡትም ቀጫጭን ሥሮች በዛ ይሉ ነበር። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ማስረጃ ነው ግን አልልም።

ባሲለስ ሰብቲለስ የሚባለውን ባክቴሪያም በርበሬ ላይ ሞክሬ ነበር። ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ ስፖር ስለሚሠራ ዱቄቱ ሲቀመጥ ቶሎ አይበላሽም፤ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ሌላ የማወራው ልዩነት ግን አላየሁም።

ሦስተኛው ዙር የማይኮራይዛ ነው፤ ልቤን የወሰደውም እሱ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው ጀርመናዊው ተመራማሪ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው፤ ትርጉሙ ‹የፈንገስ ሥር› ማለት ነው። ይህ ፈንገስ ሥሩ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ከተክሉ ስኳርና ቅባት ይወስዳል። በምላሹ ሥሩ ራሱ የማይደርስበት ቦታ ድረስ ክሩን ዘርግቶ በተለይ ፎስፈረስ ያመጣለታል። ያለ ሕያው ሥር ዑደቱን መጨረስ ስለማይችል ዱቄቱን ላይ ላዩን መበተን ብዙም አይረባም፤ ሥሩን መንካት አለበት። እኔ መትከያው ጉድጓድ ውስጥ ነስንሼ ሥሩን እሱ ላይ ነው የማስቀምጠው።

እዚህም ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። አንደኛው፣ ለጎመን ሰጠሁት። የጎመን ዘመዶች ከማይኮራይዛ ጋር አይስማሙም፤ በከንቱ ነው ያለቀብኝ። ሁለተኛው፣ ለግማሹ ቲማቲም ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ ሰጠሁ። ተክሉ ፎስፈረስ ሞልቶ ከተረፈው ለፈንገሱ ስኳር መክፈል አያስፈልገውም፤ በሩን ይዘጋበታል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ማይክሮስኮፕ ያለው ወዳጄ ዘንድ ነው። ጓንት አድርገን ሥሮቹን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አፈላናቸው፤ ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ ጓንቱ ግድ ነው። ከዚያ አጥበን ኮምጣጤ ውስጥ የብዕር ቀለም ጠብ አድርገን ነከርናቸው። ቀለሙን የሚይዘው ፈንገሱ ነው። ማዳበሪያ የበዛበት ቲማቲም ሥር ባዶ መስተዋት መሰለ፤ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ሰማያዊ ክር ብቻ። ሌላው ግን በክር ተሞልቷል። በሥሩ ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ቅርንጫፍ ያወጡ ትንንሽ ሰማያዊ ዛፎች ቆመዋል። ልውውጡ የሚካሄደው እዚያ ነው። ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

ማይክሮስኮፕ የሌላችሁ ደግሞ ሌላ ዓይነት የሥር ወዳጅ ለማየት ባቄላ ዝሩ። ሥሩ ላይ የሚወጡትን እባጮች አንዱን በምላጭ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ እባጩ ውስጥ የሚኖረው ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ናይትሮጅን ከአየር እየያዘላችሁ ነው፤ ሮዝ ያደረገው የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ የሆነ ፕሮቲን ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ሥራ ላይ አይደለም።

አራተኛውን ዙር ከዘራሁ አሥር ቀን ሆኖኛል። በዚህኛው ውሃውንና ትሪኮደርማውን ለይቼ ነው የምሞክረው፦ 10 ዕቃ ትሪኮደርማ ኖሮት ውሃ ይበዛበታል፣ 10 ሳይኖረው ይበዛበታል፣ 10 ኖሮት ይመጠናል፣ 10 ሳይኖረው ይመጠናል። ትናንት ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ነቅዬ ነበር። የአራቱም ሥር ገና ነጭ ነው።