ሳሉ 5 ሳምንት ሲሞላው

ጉንፋኑ የያዘኝ በነሐሴ ዝናብ ነው። ትኩሳቱ በሦስት ቀን ለቀቀኝ። ሳሉ ግን አልሄደም። ቀን ደህና እውላለሁ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀስቅሶ ያስቀምጠኛል።

መቼም አገሩ ሁሉ ሐኪም ነው። እናቴ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ፣ የቢሮ ጓደኞቼ ዝንጅብል በማር አዘዙልኝ። ባሕር ዛፍም ታጠንኩ፤ እሱ ጭራሽ አባሰብኝ። ማሩስ ጉሮሮዬን ያለሰልስ ነበር፣ አላማውም። የሚቆጨኝ ሌላው ነው። ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዛሁ። ሦስት ቀን ውጬ ትንሽ ሲሻለኝ ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ያስወሰነኝ ታክሲ ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት ይከፈት ማለት ጠብ መጫር ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ ስሄድ ሦስት ጊዜ ሳልኩ፤ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሰብስበው መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱት። «ልጄ፣ ተመርመር እንጂ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ካርድ አወጣሁ። 5 ሳምንት እንደሳልኩ ስናገር ሲስተሯ ማስክ ሰጥታ ከወረፋው አስቀደመችኝ። ደስ አለኝ፤ ምክንያቱን እስክሰማ። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ለቲቢ ይመረመራል። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ያም ሆኖ ስሙን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ።

ሐኪሟ «የወሰድከው መድኃኒት አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ እንጃ፣ አፍሬ ነው መሰለኝ። ቀና ብላ አየችኝና «ከፋርማሲስ? ሲፕሮ ምናምን?» አለች። አሞክሳሲሊኑን ተናዘዝኩ። ሲፕሮና ዘመዶቹ የሆኑ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች የቲቢን ምልክት ለጊዜው ደብቀው ምርመራውን ሊያጓትቱ እንደሚችሉ የነገረችኝ ያኔ ነው። የኔ እንኳን ሲፕሮ አልነበረም።

አክታ ስጥ ተባልኩ። ዕቃዋን ሞልቼ ስመለስ የላብራቶሪው ልጅ ብርሃን ላይ አንስቶ አያትና መለሰልኝ። «ይሄ ምራቅ ነው፣ ወንድሜ። ከደረትህ አምጣው።» አፌን ተጉመጥምጬ ከግቢው ጀርባ አየር ላይ ቆምኩ። ሁለት ሦስቴ በረጅሙ ተንፍሼ ከሥር ሳልኩ። የመጣው ትንሽ ነው፤ ግን አክታ ነበር።

ቲቢ የለም። ራጁም ንጹሕ። ከጉንፋን በኋላ ሳል እስከ 8 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ጉዳዩ እዚሁ ሊያበቃ ነው ብዬ ነበር። ሐኪሟን የያዛት ግን የሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በኃይል እንድተነፍስ አድርጋ በማዳመጫው ስትሰማ ስስ ፉጨት አገኘች። «ቤተሰብ ውስጥ አስም አለ?» አያቴ ነበረባት። ለካ በሳል ብቻ የሚታይ አስምም አለ። ከሰልና ዕጣን እንዳይቀርበኝ አዘዘች፤ ሁለት በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳቡ መድኃኒቶችም ጻፈችልኝ፣ አንዱ ሲያፍነኝ፣ አንዱ በየቀኑ።

በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ወረቀት ይዣለሁ፤ የሳልኩባቸው ሰዓቶች፣ የወሰድኩት መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ውሸት። ወረቀቱን አንብባ «እስቲ ስትወስድ አሳየኝ» አለች። አፌ ውስጥ ረጨሁት። «ምላስህን ነው ያከምከው» ብላ ሳቀች።

ሲስተሯ የሃይላንድ ጠርሙስ አመጣች። ቂጡን በጋለ ሽቦ በስታ የመድኃኒቱን አፍ ሰካችበት። መድኃኒቱን አንዴ ተጭነህ ትረጫለህ፣ በጠርሙሱ አፍ ቀስ ብለህ ትስባለህ፣ ትንፋሽህን ይዘህ እስከ አሥር ትቆጥራለህ። የየቀኑን ከወሰድክ በኋላ አፍህን ትጉመጠመጣለህ፤ አለበለዚያ ምላስህ ላይ ነጭ ፈንገስ ይወጣል።

በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። የቡናው ከሰል አሁን በረንዳ ላይ ነው፤ እናቴ እያጉረመረመችም ቢሆን ተስማምታለች። ጠርሙሴን ግን ቆሻሻ እየመሰላት ሁለት ጊዜ ጥላብኛለች። ሦስተኛው ላይ ስሜን በትልቁ ጻፍኩበት።