ቪዲዮ ጌም ስፖርት የሚሆነው እግር ሲሠራ ነው

ቆመው የሚጫወቱት ቪዲዮ ጌም ስፖርት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር አያልቅም፤ ነገሩ ግን ከተለካ ቆይቷል። መለኪያው ሜት ይባላል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚያቃጥለው 1 ሜት ነው፤ ይኸውም በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ። ከ3 ሜት በታች ቀላል፣ ከ3 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ6 ጀምሮ ከባድ እንቅስቃሴ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጃፓን ጥናት 12 ጎልማሶችን የሚተነፍሱት አየር በሚለካበት ዝግ ክፍል አስገብቶ ኒንቴንዶ ዊ የተባለውን፣ በሰውነት እንቅስቃሴ የሚታዘዝ የጌም ማጫወቻ አጫወታቸው። ጎልፍ 2.0፣ ቦውሊንግ 2.6፣ ቴኒስና ቤዝቦል 3.0፣ ቦክስ 4.2 ሜት ሆኑ። ከተለኩት 68 እንቅስቃሴዎች 46ቱ ቀላል ነበሩ፤ 6 የደረሰ አንድም አልተገኘም። ቦክሱ ከፈጣን የእግር ጉዞ ጋር ይተካከላል። ቀላል ነገር አይደለም፤ ሩጫ ነው የሚል ካለ ግን አጋኗል።

በካሎሪ እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ቦክስ ቢጫወት 4.2 × 70 × 0.5፣ ማለትም 147 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ 35ቱ ሶፋ ላይ ቢቀመጥም ይቃጠሉ ነበር፤ ትርፉ 112 ነው። ጌሙ እስኪከፈትና ተጋጣሚ እስኪመረጥ የቆመበት ደቂቃም መቀነስ አለበት።

ልዩነቱን የሚያመጣው የጌሙ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ሴንሰሩ፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚያነበው መሣሪያ፣ የሚያየው የአካል ክፍል ነው። የዊ ሪሞት፣ በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ፣ በዋናነት የሚያውቀው የያዘውን እጅ ፍጥነት ለውጥ ነው። ክንድን ከትከሻ አንስቶ መምታትንና የእጅ አንጓን ብቻ ነቅነቅ ማድረግን አጥርቶ አይለይም። ተጫዋቹ ይህን ሲደርስበት ነጥቡ ይጨምራል፣ ላቡ ይቀንሳል። ስልክ በእጅ ተይዞ የሚጨፈርባቸው ጌሞችም ያው ናቸው፤ ተቀምጦም ነጥብ ይገኛል። በእግር የሚረገጥ ምንጣፍ ያላቸው የዳንስ ጌሞች ግን ተቃራኒ ናቸው፦ ችሎታው ሲያድግ ደረጃው ይፈጥናል፣ እግር ማምለጫ የለውም። ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት ጭንና መቀመጫ ላይ ስለሆነ ሜቱን ከፍ የሚያደርገው የእግር ሥራ ነው።

ስለዚህ ቦክስ ስትጫወቱ በየቡጢው መሀል እግር ቀያይሩ፣ ጉልበት አጥፋችሁ ዝቅ በሉ። በቪአር መነጽር፣ ማለትም ዓይን ላይ ታስሮ ምናባዊ ዓለም በሚያሳየው፣ የሙዚቃ ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ጎንበስ የሚያሰኙ ግድግዳዎች ያሉበትን ዘፈን ምረጡ። እጅ ላይ ክብደት ማሰር አልመክርም፤ ባዶ አየር ሲመታ ክንዱን የሚያስቆመው ራሱ መገጣጠሚያው ስለሆነ ትከሻና ክርን ይጎዳሉ። ያለ ክብደትም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ሐኪም የዊ ቴኒስ ለሰዓታት ተጫውቶ የትከሻ ጅማቱ መቆጣቱን በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ጽፏል።

ጥንካሬውን ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ንግግር ነው። ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ መካከለኛ፣ ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽ ካጠራችሁ ከባድ ነው። በልብ ምት ከሆነ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ ነው፤ የሚገኘው በደቂቃ የሚደርሰው የልብ ምት ጣሪያ ግምት ነው። የ40 ዓመት ሰው ጣሪያው 180 ስለሚሆን መካከለኛው፣ ማለትም የጣሪያው ከ64 እስከ 76 በመቶ፣ ከ115 እስከ 137 ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ የእጅ ሰዓት ክንድ በፍጥነት ሲወዛወዝ ይሳሳታል፤ ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት፣ የደረት ቀበቶ ካለ ደግሞ ይሻላል። ሁለተኛው፣ በእጅ ብቻ ሲሠራ የልብ ምት ከሚቃጠለው ጉልበት በላይ ይወጣል፤ 130 ስላያችሁ ብቻ እንደ ሩጫ አትቁጠሩት። ከዝቅተኛ አገር አዲስ አበባ ለገባ ሰው ደግሞ ከፍታው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቁጥር ከፍ ያደርገዋል።

ለቪአር 2 በ2 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ዝላዩን ቁጢጥ ብሎ በመነሳት ተኩት፤ ጭኑ ይሠራል፣ የታች ጎረቤትም በር አያንኳኳም።