የቢቢ ምቶሪ

ትናንት ፍራፍሬ ቤት ገብቼ አረንጓዴ ሙዝ ስጠኝ ስለው ልጁ ግር አለው። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ገና ነው፤ ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል" አለኝ። እሱ እውነቱን ነው፤ የአርባ ምንጭ ሙዝ ጥሬውን መጥቶ እዚህ ነው የሚበስለው። "እኔ የምፈልገው ይሄኑ ነው" ብዬ 2 ኪሎ አስመዘንኩ። ታናሽ እህቴ አራስ ናት። ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው።

እኔ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት የዛሬ 8 ዓመት ታንዛኒያ፣ ሞሺ ከተማ ነው። የባለቤቴ ሥራ ነው እዚያ የወሰደን። እማዬ መምጣት አልቻለችም። ከሆስፒታል ቤቴ ስገባ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለኝ ሰው የለም። ገንፎ የሚያገነፋልኝም የለም። ባለቤቴ ሻይ ያፈላል፣ ዳቦ ይቆርጣል፣ ከዚያ ግራ ገብቶት ቆሞ ያየኛል።

በማግስቱ ጎረቤታችን በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ይዘው መጡ። ቻጋ ናቸው፣ የኪሊማንጃሮ ሥር ሰዎች። ሰፈርተኛው ሁሉ "ቢቢ" ነው የሚላቸው፤ አያት ማለት ነው። "ሆንጌራ" ብለው እንኳን ደስ አለሽ አሉኝና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ክዳኑ ሲነሳ ወፍራም፣ ክሬም የመሰለ ሾርባ ነው። ምቶሪ ይሉታል። ጥሬ ሙዝ ከአጥንት ሥጋ ጋር ተቀቅሎ ይላማል። እኛ ለአራስ ገንፎ እንደምንለው እነሱ ምቶሪ ይላሉ። በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ። ሁለተኛው ማንኪያ ላይ እንባዬ መጣ። ጣዕሙ ከገንፎ ጋር አይገናኝም፤ አንጀቴ ላይ ያረፈው ግን ልክ እንደ ገንፎ ነው።

ስጠነክር ጓሯቸው ወስደው አሳዩኝ። ሙዙ ከላይ ጥላ ሆኖ፣ ቡናው ከሥሩ። አሠራሩንም የተማርኩት እዚያው እሳታቸው ዳር ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መላጡ ነው። ጥሬ ሙዝ እንደ በሰለው በእጅ አይላጥም፤ ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ፣ ቆዳው በቁመቱ ተሰንጥቆ በቢላ ይነሳል። የሚወጣው ፈሳሽ እጅ ላይ ሲደርቅ ይጠቁርና በሳሙና እንኳ አልለቅ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ እጅን ዘይት መቀባት። የተላጠውም ወዲያው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አለዚያ ይጠቁራል።

ግማሽ ኪሎ አጥንት ያለው ሥጋ በሽንኩርት ቀቀልኩ። ሥጋው ከአጥንቱ ሲላቀቅ አውጥቼ መረቁ ላይ የተቆራረጠውን ሙዝና አንድ ቲማቲም ጨመርኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሙዙ ሹካ ሲነካው ፍርክስ ሲል በማማሰያ አላምኩት። ማሽን ብጠቀም ይፈጥን ነበር፤ ግን እንደ ሙጫ ይጓተትብኛል፣ አልወደውም። ሥጋውን በጣቴ ፈታትቼ መለስኩ። ወተትና ትንሽ ለጋ ቅቤ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሳቱም ቀስ ይበል። የባሕር ዳርቻ ሰዎች ሙዝ ሲሠሩ የኮኮነት ወተት ነው የሚያፈሱበት፤ እሱም ግሩም ነው። የአራስ ግን እንደ ቢቢ በላም ወተት ይሁንልኝ።

እማዬ ቀመሰችና "ቡላ ቡላ ይላል" አለች። ደስ አለኝ። እንሰትና ሙዝ እኮ ዘመዳሞች ናቸው፤ የእንሰት ፍሬው አይበላም እንጂ ከግንዱና ከሥሩ ነው ቡላው የሚወጣው። እማዬ ይህን አስባ አይደለም፤ ምላሷ ነው ያወቀው።

እህቴ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ጨረሰች። የተረፈው ሲቀዘቅዝ ጠጥሮ አደረ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕፃኑ ሲያለቅስ ተነሳሁና በትኩስ ወተት አቅጥኜ አሞቅኩት። እሷ እያጠባች፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ በማንኪያ አጎረስኳት።