የመሶብ ዙር

መብራት ከጠፋ ቆየ። ቱሉ ዲምቱ ሲዘንብ እንዲህ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ይለኛል። የእማዬ ሲቲ ስካን ሲዲ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ሐኪሙ የሚያየው ሰኞ ነው። እሷ ግን በሻማ መሶቧን ትሰፋለች።

በወስፌ ትበሳለች፣ አለላውን ታሾልካለች፣ ጠበቅ ታደርጋለች። ዓይኔ እጇ ላይ ቀረ። ዙሩ ሲሞላ አይዘጋም ለካ። የታችኛው ላይ ወጣ ብሎ ይቀጥላል። መሶብ ከታች እስከ አፉ አንድ ጥምዝ ነው።

ማሽኑም እሷን ያያት እንዲሁ ነው። የራጅ ምንጩ ይዞራል፣ አልጋው ሳይቆም ይሄዳል። ከሰውነቷ አንጻር የምንጩ መንገድ የመሶብ ዙር ይሆናል። ድሮ አንዴ ዞሮ ይቆማል፣ አልጋው ይገፋል፣ እንደገና ይዞራል። ያ ቀለበት በቀለበት ላይ መደርደር ነው። በሁለት ቀለበት መሃል ቢላ ቢገባ ምንም ሳይነካ ያልፋል። ጥምዙን ግን በየትኛውም በኩል ቁረጡት፣ ቢላው ዙሩን ሳይነካ አይወጣም። ተመራማሪው ቱይ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ይህ ነው፦ አካሉን የሚያቋርጥ ማንኛውም ጠፍጣፋ ገጽ የምንጩን መንገድ ማግኘት አለበት። ያኔ ምስሉ በትክክል ሊመለስ ይችላል።

ይቻላል ማለትና መሥራት ግን ይለያያል። ራጁ ሰውነቷን አልፎ የጣለውን እያንዳንዱን ጥላ በመጣበት መንገድ መልሰህ ብትቀባው የሚወጣው ምስል ጭጋግ የለበሰ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥላው ይጣራል፣ ጠርዙ ይሳላል፣ ከዚያ ይቀባል። ለጥምዙ መንገድ ይህን ያለ ግምት የሚሠራ ቀመር የሂሳብ ሊቁ ካትሴቪች ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 አካባቢ ነው። ቀመሩ የተደገፈበት ነገር ደግሞ ውብ ነው፦ በጥምዙ ውስጥ የትኛውንም ነጥብ ብትመርጥ፣ በአንድ ዙር ውስጥ ያሉ ሁለት የጥምዙን ቦታዎች የሚያገናኝ አንድና አንድ ቀጥታ መስመር ብቻ ያልፍበታል። አንድ ብቻ! ክር ወስጄ መሶቡ ላይ ወጠርኩት።

ከዚያ ከሲቲ ስካን ፈልሳፊዎች አንዱ፣ የፊዚክስ ሊቁ ኮርማክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1956 እዚሁ አፍሪካ፣ ኬፕታውን፣ የራጅ ጥላ ወደ ምስል እንዴት እንደሚመለስ ማሰብ ጀመረ። የሂሳቡን መልስ የሂሳብ ሊቁ ራዶን እ.ኤ.አ. በ1917 ጽፎት ነበር። ኮርማክ አያውቅም። ራዶን ደግሞ በዚያው በ1956 ሞተ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

«አንቺ ልጅ፣ በክሩ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች እማዬ።

ነገርኳት። ማሽኑ ውስጥሽን ፎቶ አላነሳም አልኳት። ከየአቅጣጫው ምን ያህል ራጅ ሰውነትሽን አልፎ እንደወጣ ለካ፤ ቀሪውን ሂሳቡ ሠራው።

ወስፌዋን አቆመች።

«ታዲያ ሳያዩኝ ነው ያዩኝ?»

አሁን ተኝታለች። እኔ እስካሁን አልመለስኩላትም።