ዜሮ ያመጣብኝ ጣጣ

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሳሎኔ ውስጥ 150 ሊትር ገደማ የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጥቂት ኮራል፣ ቀንድ አውጣዎች። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ስታየው፣ "ይሄ ሁሉ ልፋት ለማይበላ ዓሣ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የመጣብኝ አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ድንጋዩ ላይ እንደ ፀጉር የሚረዝመው። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ጨዉን የምበጠብጠው በቧንቧ ውሃ ነበር። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የቧንቧው እርሳስ ወደ ውሃው እንዳይገባ ኦርቶፎስፌት የሚባል የፎስፌት ዓይነት ይጨመራል። ለሰው ጥሩ ነው። ለአልጌ ግን ፎስፌት ማዳበሪያ ነው። በየሳምንቱ በባልዲ ስቀልበው ኖሬያለሁ ማለት ነው።

እልህ ያዘኝ። ውሃውን ከሟሟበት ነገር የሚያጠራ የአርኦ ማጣሪያ ገዛሁ፣ ፎስፌት የሚመጥ ብናኝ ጨመርኩ፣ የዓሣዎቹን ምግብ ቀነስኩ። በአንድ ወር ፀጉሩ ጠፋ። ብለካ ናይትሬቱም (ሌላው የአልጌ ምግብ) ፎስፌቱም ዜሮ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ሁለት ሳምንት አልቆየም። አሸዋው ላይ ቡናማ ነገር ወጣ። እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል፤ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይዞ ይወዛወዛል። "ዳያተም የሚባል ቡናማ አልጌ ነው፣ ራሱ ይጠፋል" ተባልኩ። ዳያተም ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አኳሪየም ላይ ነው የሚወጣው፤ የእኔ ዓመት አልፎታል። በጎማ ስቤ አወጣሁት፣ በማግስቱ ተመለሰ። ውሃ ቀየርኩ፣ ባሰበት። ከዚያ ቀንድ አውጣዎቹ እየተገለበጡ ይሞቱ ጀመር።

አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነስቼ በስልኬ አበራሁበት። አሸዋው ነጭ! ቀን ቡናማ፣ ሌሊት ነጭ። እዚህ ላይ ዲኖፍላጀሌት የሚባለውን፣ በዓይን የማይታይ ባለአንድ ሴል ፍጥረት ጠረጠርኩ።

ንፍጡን ከነውሃው ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ እስኪበታተን ነቀነቅኩት። በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጠለልኩት። (ቤታችን ጀበና ነው፤ ወረቀቱን ከመሥሪያ ቤት ነው ያመጣሁት።) የጠለለውን መብራት ሥር አስቀምጬ ቡና አፈላሁ። ቶና ላይ ስንደርስ፣ ጥርት ብሎ የነበረው ውሃ ውስጥ ቡናማ ክር ተያይዟል። ዲኖፍላጀሌት እንዲህ ነው፤ አንድ በአንድ ወረቀቱን አልፎ ተመልሶ ይሰባሰባል። በልጄ ማይክሮስኮፕ ሳየው፣ የሰሊጥ ፍሬ የመሰሉ ነገሮች በጫፋቸው እንደታሰሩ ይሽከረከራሉ። ኦስትሪዮፕሲስ የሚባለው ዓይነት ነው። መርዝ አለው። ቀንድ አውጣዎቼን የጨረሰው እሱ ነው ብዬ ነው የማምነው።

የሚያናድደው፣ መንገዱን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲገባ ቦታ የሚሻሙት ሌሎቹ አልጌዎች በረሃብ ይጎዳሉ፤ እሱ ሜዳውን ብቻውን ያገኛል።

ስለዚህ የነበረውን ሁሉ ገለበጥኩት። ብናኙን አወጣሁ። ውሃ መቀየር አቆምኩ። ምግብ ጨመርኩ። እየለካሁ ናይትሬቱን ወደ 5፣ ፎስፌቱን ወደ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ከፍ አደረግኩ። መርዙን እንዲይዝልኝ የማጣሪያ ከሰል አስገባሁ። ኦስትሪዮፕሲስ ሌሊት ከአሸዋው ተነስቶ ውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ፣ በሥሩ የሚያልፈውን የሚገድል የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራትም ገጠምኩ። አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ የሚያድረው ሌላው ዓይነት፣ አምፊዲኒየም ቢሆን ኖሮ ለመብራቱ ያወጣሁት ገንዘብ ውሃ በልቶት ነበር። ማይክሮስኮፑ ዋጋውን ያወጣው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ወር ፈጀ። አንድ ጠዋት መስታወቱ ላይ ስስ አረንጓዴ አቧራ አየሁ። ድሮ ቢሆን ሮጬ ስፖንጅ አመጣ ነበር። ሁለት ቀን ሳልነካው ተውኩት።