አማካይ የሚደብቃቸው መቺዎች

የክሪኬት መቺ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው አማካዩ ነው። ያስቆጠራቸው ራኖች (ነጥቦች) ተደምረው ከጨዋታ በወጣባቸው ጊዜያት ብዛት ይካፈላሉ፤ ሳይወጣ የጨረሳቸው ተራዎች (ለመምታት የገባባቸው ጊዜያት) በአካፋዩ ውስጥ አይገቡም። ለሕንድ ወይም ለአውስትራሊያ መቺ ይህ ስሌት ብዙም አያሳስትም። የኬንያን፣ የካናዳን ወይም የኔዘርላንድስን መቺ ግን አንዳንዴ ከልኩ በላይ ይሰቅለዋል፣ አንዳንዴም መሬት ያወርደዋል።

ከልኩ በላይ የሚሰቅለው እንዴት እንደሆነ ለማየት የኔዘርላንድሱን ራያን ቴን ዱስኻቴን እንውሰድ። በ33 የአንድ ቀን ግጥሚያዎች 32 ጊዜ ለመምታት ገብቶ 1,541 ራን አስቆጠረ። ዘጠኝ ጊዜ ሳይወጣ ስለጨረሰ አካፋዩ 23 ነው፣ አማካዩም 67። የዘመኑ ታላላቅ መቺዎች ያልደረሱበት ቁጥር ነው። ነገር ግን ከ33ቱ አብዛኞቹ ከራሱ አገር ጋር በሚመጣጠኑ ቡድኖች ላይ የተደረጉ ናቸው። በዚህ ምክንያት ብቻ ስሙን የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ዋንጫ (ዓመቶቹ በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ናግፑር ላይ የእንግሊዝ ዋና ወርዋሪዎች አንደርሰን፣ ብሮድና ስዋን እየወረወሩ በእንግሊዝ ላይ 119 አስቆጠረ። በዚያው ውድድር አየርላንድ ላይ 106 ጨመረ። ስለዚህ 67ን እንዳለ አልቀበለውም፣ መቺውን ግን እቀበለዋለሁ።

የኬንያው ስቲቭ ቲኮሎ የተገላቢጦሹ ነው። የአንድ ቀን ግጥሚያ አማካዩ 29 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ተራ መቺ ይመስለዋል። በ1996 ካንዲ ላይ ስሪላንካ 398 ስታስቆጥር፣ ግጥሚያው እንደማይሸነፍ ሆኖ ከተወሰነ በኋላ ገብቶ 96 የመታ ሰው ነው። በ2003 ኬንያን በአምበልነት እየመራ ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አበቃ፤ ደርባን ላይ ቡድኑ ለሕንድ በ179 ሲንኮታኮት 56ቱ የእሱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ኬንያ ከትልልቆቹ ጋር የምትገናኝበት አጋጣሚ እየሳሳ ሄደ። ቲኮሎ አምበል ነበር፣ ይወረውር ነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሱ ከወጣ ቡድኑ እንደሚያልቅ ተጋጣሚው ሁሉ ያውቅ ነበር። ጥሩ ወርዋሪ ለእሱ ተብሎ ይቀመጣል። አማካይ ይህን አይቆጥርም።

ታዲያ በምን እንለካ? እኔ አስቀድሜ የማየው ድርሻን ነው፤ ቡድኑ ካስቆጠረው ውስጥ የመቺው ስንት እጅ ነው? ዴቭ ሃውተን በ1987 የዓለም ዋንጫ ሃይደራባድ ላይ ለዚምባብዌ 142 ሲመታ፣ ቡድኑ በሙሉ ያስቆጠረው 239 ነው፤ ወደ 59 በመቶ ይጠጋል። ዚምባብዌ በ104 ራን ሰባት መቺ አጥታ ነበር፣ የተሸነፈችው ግን በ3 ራን ብቻ ነው። ጆን ዴቪሰን በ2003 ሴንቹሪየን ላይ ዌስት ኢንዲስን በ76 ኳስ 111 ሲመታ ካናዳ 202 ላይ አለቀች፤ ድርሻው 55 በመቶ ነው። ያው ቡድን ከጥቂት ቀናት በፊት በስሪላንካ 36 ላይ ተጠራርጎ ነበር።

ድርሻም ቢሆን ወጥመድ አለው። ሌሎቹ በጣም ከደከሙ 40 ራን የመታ ሰው ራሱ ግማሹን ይይዛል። ስለዚህ ድርሻው ከፍ ያለ፣ ወርዋሪዎቹም ከበድ ያሉ፣ የራኑም ብዛት ከመቶ ያለፈ ሲሆን ነው ቁም ነገር የሚሆነው። ሦስቱም በአንድ ላይ ሲገጥሙ ከማንም በፊት የሚመጣው የዚምባብዌው አንዲ ፍላወር ነው።

ሐራሬ፣ 2001። ደቡብ አፍሪካ ሦስት መቺ ብቻ አጥታ 600 አስቆጥራ ተራዋን በፈቃዷ ዘጋች። ዚምባብዌ በመጀመሪያው ተራ 286፣ በሁለተኛው 391 አስቆጠረች። ፍላወር በመጀመሪያው 142፣ በሁለተኛው ደግሞ ሳይወጣ 199 መታ። ከ677 ራን 341ዱ የአንድ ሰው ነው፣ ከግማሽ በላይ። ሁለት መቶ ለመሙላት አንድ ራን ሲቀረው የመጨረሻው ባልደረባው ወጣበትና ቆመ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከዊኬት (መቺው ከሚጠብቃቸው ሦስት እንጨቶች) ጀርባ ቆሞ ኳስ የሚቀበለውም እሱ ነበር፤ 600ው ሲቆጠር በየኳሱ ሲቀመጥና ሲነሳ ከቆየ በኋላ ነው ለመምታት የገባው። ከአንድ ዓመት በፊት ሕንድ ውስጥ በሁለት የቴስት (ቀናት የሚፈጀው ረጅሙ የጨዋታ ዓይነት) ግጥሚያዎች 183፣ 70፣ 55 እና 232 አስቆጥሮ ነበር፤ ሁለቱ ትልልቅ ቁጥሮች ሳይወጣ የተመቱ ናቸው። የተከታታዩ አማካይ 270 ይወጣል። በ63 ቴስት የጨረሰው በ51.54 ነው።

ሕንድ ላይ የረዳው ተገላቢጦሽ መጥረግ ነው። ፍላወር ግራኝ ነው፤ ኳሱ ገና ሳይሽከረከር በፊት እግሩ ዝቅ ብሎ ይገባና የባቱን (የመምቻ እንጨቱን) ፊት አገላብጦ፣ ተጫዋች ወዳልቆመበት ወገን ይጠርገዋል። አምበሉ ቦታውን ለመዝጋት አንድ ሰው ሲያዛውር ሌላው ወገን ይከፈታል፣ ያን ጊዜ የተለመደውን ጥርጊያ ይመታል። ብዙዎች ሲሞክሩት የሚበላሽባቸው ሳይዘቅጡ ስለሚያገላብጡ ነው፤ ጭንቅላት ከፍ ካለ ባቱ ከኳሱ በላይ ያልፍና ኳሱ እግር ወይም ዊኬት ይመታል።

ደካማ ቡድን ውስጥ የሚመታ ሰው ሌላም ሙያ መማር አለበት፤ ተራን መጠበቅ። አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው፤ ሲያልቅ የሚቀጥለው ከሌላኛው ጫፍ ይወረወራል። ሌላኛው ጫፍ ላይ የቆመው ባልደረባ ደካማ ከሆነ፣ ጥሩው መቺ የመጀመሪያዎቹን አራት ኳሶች ሳይሮጥ በአንድ ምት አራት ወይም ስድስት ራን ለማግኘት ብቻ ይጫወትና በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው አንድ ራን ይሮጣል። በስድስተኛው ከሮጠ የሚቀጥለውን ኦቨር ራሱ ይጀምራል፤ በአምስተኛው ከሮጠ ባልደረባው የሚጋፈጠው አንድ ኳስ ብቻ ነው። ተጋጣሚው አምበል መልሱን ያውቃል፦ መጀመሪያ ተጫዋቾቹን ወደ ጠርዝ ይበትናል፣ አንድ ራን እንዲሮጥ ይጋብዘዋል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ያቀርባል። ወርዋሪውም ስድስተኛዋን ኳስ ከትከሻ በላይ ያነጥራታል። ችግሩ የሚመጣው መቺው የማይገኝ ራን ሲያሳድድና ባልደረባው መሐል መንገድ ላይ ሲቀር ነው።

የአየርላንዱ ኬቨን ኦብራየን ይህን አላስፈለገውም፣ ሁሉን ነገር አቀጣጠለው። ቤንጋሉሩ፣ 2011፤ እንግሊዝ 327 አስቆጥራለች፣ አየርላንድ በ111 አምስት መቺ አጥታለች። በ50 ኳስ መቶ ሞላ፣ በ63 ኳስ 113 ላይ ሲሮጥ ጫፍ ሳይደርስ ወጣ፣ አየርላንድ አምስት ኳስ እየቀራት አሸነፈች። አሌክስ ኩሳክ 47 ባያስቆጥርለት ኖሮ አይሆንም ነበር። እዚህ ላይ ድርሻው ከፍላወር በጣም ያንሳል፣ ግን ውጤቱ ድል ነው፤ ይህም የራሱ ሚዛን አለው።

የፍጥነት ክብረ ወሰኖችን ግን በጥርጣሬ ነው የማያቸው። በ2024 የኢስቶኒያው ሳሂል ቻውሃን በቆጵሮስ ላይ በ27 ኳስ መቶ ሞላ። መዝገቡ ትክክል ነው፣ ምቱም ይደነቃል፤ ወርዋሪው ማን እንደነበር ሳይጠየቅ ግን ከኦብራየን 50 ኳስ ጎን አይቀመጥም።

የኤሚሬትሱ ኩራም ካን በ43 ዓመቱ አፍጋኒስታን ላይ ሳይወጣ 132 አስቆጥሯል፣ የአየር መንገድ አስተናጋጅነት ሥራውን ሳይተው። ስኮትላንዳዊው ካለም ማክላውድ ደግሞ በ2018 ኤዲንብራ ላይ ሳይወጣ 140 መታ፣ ቡድኑ 371 አስቆጥሮ እንግሊዝን በ6 ራን አሸነፈ። ደረጃ ስጡ ብባል ፍላወርን አንደኛ፣ ሃውተንን ሁለተኛ አደርጋለሁ። የቴስት አገር ካልሆኑት መካከል ደግሞ ቲኮሎን፣ ያ 29 አማካዩ እንዳለ፣ ከቴን ዱስኻቴ አንድ ጣት ከፍ አደርገዋለሁ።