ከራዲያተር ክዳን የመጣ የቴስታታ ሥራ

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማበር ዋሻ የሚወጣው መንገድ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ጀምሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚያደርስ፣ በሞተር ማቀዝቀዣ ውስጥ የተደበቀ ጉድለት ሁሉ እዚያ አቀበት ላይ ይጋለጣል። የእኔም ኮሮላ ጉዷ የወጣው እዚያው ነው። 4ኬ የሚባለው ባለ 1,290 ሲሲ ሞተር ያላት፣ ከአባቴ የወረስኋት መኪና ናት፤ የሙቀቱ ቀስት ቀዩን መሥመር ሲነካ ወዲያው ማቆም ሲገባኝ፣ ዋሻው ቀርቧል ብዬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነዳኋት።

ደብረ ብርሃን ከገባሁ በኋላ ምልክቶቹ ተከታትለው መጡ። ውጭ የሚንጠባጠብ ሳይኖር ውሃው ይጎድላል፤ ጠዋት ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ ጎማ ይደድራል፤ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ አረፋ ተጋግሯል። አረፋው ብቻውን ቢሆን በከተማችን ብርድ አጭር መንገድ በሚሄድ መኪና ላይም ስለሚታይ ባልደነገጥሁ ነበር፤ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ግን በሞተሩ አካል (በብሎኩ) እና ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው ራስ (በቴስታታው) መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ መበላቱን አልተጠራጠርሁም።

ቴስታታ የሚፈታው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ቡሎኖቹም ከዳር ወደ መሐል በጥቂት በጥቂቱ ይላላሉ። ቫልቮቹን፣ ማለት የአየር ማስገቢያና የጢስ ማውጫ በሮቹን፣ የሚገፉትን ስምንት ዘንጎች በተበሳ ካርቶን ላይ በየተራቸው ሰካኋቸው፤ እያንዳንዱ ለዓመታት አብሮት ወደተፋጨው ቦታ መመለስ አለበትና።

ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረቱ በእጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ከልክ በላይ ሲግል ቡሎኖቹ ጠፍረው ይይዙትና ይጣመማል። ቀጥ ያለ ብረት አጋድሜ ክፍተት በሚለካ ስስ የብረት ምላስ (በፊለር ጌጅ) ስለካው መሐሉ ላይ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተገኘ፤ የሚፈቀደው 0.05 ነው። ፊቱ ተልጎ እንዲቃና ወደ ቶርኖ ቤት ስወስደው፣ ከመላጉ በፊት ስንጥቅ እንዲፈተሽልኝ ጠየቅሁ፤ የውሃ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ አየር ተነፍቶበት ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋ አላወጣም። ይህን ፍተሻ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የተሰነጠቀ ቴስታታ ማስላግ ግን ለከንቱ መክፈል ነው። ባለሙያው፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ጠለቅ አድርጌ ብልገው ጉልበት ይጨምርልዎታል» አለኝ። አልተሳሳተም፤ እምቅታው፣ ማለት በሲሊንደሩ ውስጥ የአየርና የቤንዚኑ ጭመቃ፣ ይጨምራል፤ በእኛ ከፍታም አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ቶሎ አያንኳኳም (ቤንዚኑ ያለ ብልጭታ በራሱ አይፈነዳም)። ይሁንና መኪናዋ ቆላም ትወርዳለች፤ ለሌላ ጊዜ የሚላግ ሥጋም ሊተርፋት ይገባል። ስለዚህ ቀጥ እስኪል ብቻ አስላግሁ።

ረጅሙን ጊዜ የወሰዱብኝ ቫልቮቹ ናቸው። የጢስ ማውጫዎቹ መቀመጫ በጥቀርሻ ተበልቶ ስለነበር በ45 ዲግሪ እንደገና ተቆረጠ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቫልቭ በመፋቂያ ቅባት እያሸሁ፣ በዙሪያው ያልተቆራረጠ ግራጫ ቀለበት እስኪታይ ድረስ በመዳፎቼ መካከል አሽከረከርሁት። ቀለበቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ መልካም ነው፤ ሲጠብ ቶሎ ይቃጠላል፣ ሲሰፋ ጥቀርሻ ይይዛል። ቅባቱን በሚገባ አጥቤ፣ ስፕሪንጎቹን ከገጠምሁ በኋላ የማቃጠያ ጉድጓዶቹን በነጭ ጋዝ ሞልቼ አደርኋቸው። ሦስቱ ሳይጎድሉ አደሩ፤ አራተኛው አፈሰሰ፤ እንደገና ፈታሁት።

ይህ ሁሉ ድካም የመጣው ግን ከራዲያተሩ ክዳን ነበር። በደብረ ብርሃን ከፍታ ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሞተሩ ሳይፈላ የሚሠራው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ብቻ ነው። የእኔ ክዳን ጎማው ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር፤ እኔም በየጠዋቱ እየከፈትሁ ውሃ ስሞላ ገልብጬ አላየሁትም።

ስገጥም አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጌ፣ ቡሎኖቹን የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ (በቶርክ ሬንች) ከመሐል ወደ ዳር በሦስት ዙር አጠበቅሁ። የሚረዳኝ መካኒክ ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን፣ እንድጥለው መከረኝ፤ እዚህ የተለመደ ምክር ነው። በኅዳር ውርጭ ሞተሩ ሳይሞቅ እየዋለ ቤንዚን እንዲጨርስና ሲሊንደሩ እንዲበላ ስለማልፈልግ እንቢ አልሁ፤ አዲስ ቴርሞስታትና አዲስ ክዳን ገዛሁ፤ በባዶ ውሃ ፋንታም ዝገት የሚከላከለውን ፈሳሽ ጨመርሁ። ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ አቀበት ስወጣ ቀስቱ ከመሐል ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ።